የወል ዓይነትና የሚለወጥ ሕዋስ፦ የአንድ ስሕተት ታሪክ በኤምኤል ቋንቋ

ኤምኤል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1970ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲቀረጽ ሁለት ባሕርያትን አጣምሮ ይዞ ነበር። አንደኛው፣ ፕሮግራም ጻፊው የእያንዳንዱን ነገር ዓይነት በጽሑፍ ሳያስታውቅ፣ ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚለውጠው ኮምፓይለር ራሱ ከአገባቡ ተረድቶ ዓይነቱን መወሰን መቻሉ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጠን ዋጋ ሽሮ በሌላ መተካት መፍቀዱ ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲመረመሩ እንከን አልነበረባቸውም፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሲገናኙ ግን ኮምፓይለሩ ትክክለኛ ነው ብሎ ያሳለፈው ፕሮግራም በሥራ ላይ ሊፈርስ የሚችልበትን ቀዳዳ ከፈቱ። ቀዳዳውን ለመድፈን ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጀ፤ በመጨረሻ ተቀባይነት ያገኘውም ከቀረቡት መፍትሔዎች መካከል እጅግ ቀላሉ ነበር።

ዓይነት ሲባል አንድ ዋጋ የሚመደብበት ወገን ማለት ነው። ሙሉ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ የፊደላት ሰንሰለት፣ ማለትም ቃል ወይም ዐረፍተ ነገር ሆኖ የሚነበብ ጽሑፍ፣ ሌላ ዓይነት ነው፤ የቁጥሮች ዝርዝር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ግን ሁሉም የዜሮና የአንድ ድርድር በመሆናቸው፣ ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ለማንበብ የሚሞክር ፕሮግራም በማሽኑ አይከለከልም፤ የሚያነበው ነገር ትርጉም የሌለው ይሆናል፣ አለዚያም ፕሮግራሙ በድንገት ይቆማል። ከኤምኤል በፊት የነበሩ ቋንቋዎች ይህን አደጋ የሚከላከሉት በሁለት መንገድ ነበር። እነ አልጎልና ፓስካል ጻፊው የእያንዳንዱን ስም ዓይነት አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያስገድዱ ነበር፤ ሊስፕ በአንጻሩ ከጻፊው ምንም ሳይጠይቅ፣ እያንዳንዱ ዋጋ የዓይነቱን ምልክት ይዞ እንዲዞር አድርጎ በሥራ ጊዜ ይመረምር ነበር። የመጀመሪያው መንገድ ጻፊውን ከማድከሙም በላይ ለቁጥሮች ዝርዝር የጻፈውን ሥራ ለጽሑፎች ዝርዝር ሲፈልገው እንደገና እንዲጽፈው ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስሕተቱን የሚያገኘው ፕሮግራሙ መሥራት ከጀመረ በኋላ ብቻ ነው።

ኤምኤል ሦስተኛውን መንገድ የመረጠበት ምክንያት ከተወለደበት ዓላማ የመነጨ ነው። የቋንቋው መሥራች ሮቢን ሚልነር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ኮምፒውተር የሒሳብ ማረጋገጫዎችን ደረጃ በደረጃ እንዲያጣራ የሚያስችል ኤልሲኤፍ የተባለ ሥርዓት ሠርቶ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ሥርዓት የማረጋገጫውን እያንዳንዱን እርምጃ በማኅደረ ትውስታ ያከማች ስለነበር፣ ረዘም ያለ ማረጋገጫ ሲመጣ ቦታው ቶሎ ይሞላ ነበር። ሚልነር በ1973 ወደ ኤድንበርግ ከተዛወረ በኋላ እርምጃዎቹን መጣልና ውጤቱን ብቻ መያዝ የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ፤ ዘዴውም «ቲዎረም» የሚባል ዓይነት በቋንቋው ውስጥ መፍጠርና የዚህ ዓይነት ዋጋ በሥነ አመክንዮ ሕግጋት በኩል ካልሆነ በቀር በሌላ በምንም መንገድ ሊሠራ እንዳይችል ማድረግ ነው። ማንም ተጠቃሚ የፈለገውን ያህል የተወሳሰበ የማረጋገጫ ስልት በኤምኤል ቢጽፍ፣ ስልቱ ውጤት ላይ ካልደረሰ ይከሽፋል እንጂ ሐሰተኛ ቲዎረም ሊያመጣ አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለታሪኩ መሠረታዊ ነው። በኤልሲኤፍ ውስጥ የእውነትን ደጅ የሚጠብቀው የዓይነት ሥርዓቱ ብቻ ነበር፤ እርምጃዎቹ ተጥለዋልና ኋላ ተመልሶ የሚያጣራ ሌላ መርማሪ የለም። ስለዚህ በዓይነት ሥርዓቱ ውስጥ የሚገኝ ቀዳዳ በአንድ ፕሮግራም መፍረስ የሚያበቃ አልነበረም፤ በቀዳዳው ገብቶ ተራ ዋጋን ቲዎረም አስመስሎ ማሳለፍ የቻለ ሰው ሐሰትን እውነት ብሎ ማስመዝገብ ይችላል። ሚልነርና ተከታዮቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ በነበሩት ብልሽት ላይ ያን ያህል ዓመት የደከሙበት ምክንያት ከዚህ ውጭ ሊገባ አይችልም።

ዓይነትን ከአገባብ የማወቅ ሐሳብ ከኮምፒውተር ሳይንስ በፊት በሥነ አመክንዮ ውስጥ ሥር ነበረው። አሜሪካዊው ሃስኬል ከሪ ፋንክሽኖችን፣ ማለትም ግብአት ተቀብለው ውጤት የሚመልሱ ስሌቶችን፣ ያለ ምንም የዓይነት ምልክት ጽፎ ዓይነታቸውን ከአሠራራቸው የማውጣትን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ብሪታንያዊው የሒሳብ ሊቅ ሮጀር ሂንድሊ በ1969 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዓይነት ሊሰጠው የሚችል ማንኛውም እንዲህ ያለ ሐረግ ከሌሎቹ ዓይነቶቹ ሁሉ የሚሰፋ አንድ ዋና ዓይነት እንዳለውና እርሱንም በስሌት ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ለስሌቱ ያገለገለው አለን ሮቢንሰን በ1965 ያቀረበው የማዋሐድ ዘዴ ሲሆን፣ ያልታወቁ ክፍሎች ያሏቸውን ሁለት ሐረጎች አንድ የሚያደርግ እጅግ ጠቅላላ ምትክ የሚፈልግ ነው። ሚልነር የሂንድሊን ሥራ ሳያውቅ ከዚሁ ውጤት ላይ በራሱ መንገድ ደረሰ፤ በ1978 ባሳተመው ጽሑፍም ይህንኑ አስታውሶ ለቀዳሚው የሚገባውን ድርሻ ሰጠ። ዛሬ ሥርዓቱ በሁለቱ ስም የሚጠራው ስለዚህ ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድን ዝርዝር ርዝመት የሚቆጥር ፋንክሽን ሲጻፍ ኮምፓይለሩ ለግብአቱም ለውጤቱም ዓይነታቸው ገና ያልታወቀ ምልክቶችን፣ ማለትም የዓይነት ተለዋዋጮችን፣ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም የፋንክሽኑን አካል እያነበበ እኩልታዎችን ይሰበስባል። ባዶ ዝርዝር ሲያጋጥም ዜሮ የሚመልስ ከሆነ ግብአቱ ዝርዝር፣ ውጤቱ ቁጥር መሆኑ ይታወቃል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ከአካሉ ውስጥ የሚወስነው ነገር የለም፤ ፋንክሽኑ ነገሮቹን ይቆጥራል እንጂ አይነካቸውም። እኩልታዎቹ ሁሉ ተፈትተው ሳይወሰን የቀረ ተለዋዋጭ ሲኖር ኮምፓይለሩ ፋንክሽኑን የወል ዓይነት ይሰጠዋል፤ ይኸውም ለማናቸውም ነገር ዝርዝር የሚያገለግል ማለት ነው። በአንዱ ቦታ ለቁጥሮች፣ በሌላው ቦታ ለጽሑፎች ሲጠራ በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ተለዋዋጩ ለዚያ ጥሪ ብቻ በአዲስ ምትክ ይተካል። ሚልነር ለንጹሑ ቋንቋ፣ ማለትም ማኅደረ ትውስታን ለማይለውጠው ክፍል፣ ዓይነት ያገኘ ፕሮግራም በሥራ ላይ የዓይነት ስሕተት ሊያመጣ እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጠ፤ ሉዊስ ዳማስ የተባለው ፖርቱጋላዊ ተማሪውም በ1982 ከእርሱ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ስልቱ የሚያገኘው ዓይነት ሁልጊዜ ዋናው፣ ከሁሉ የሚሰፋው፣ መሆኑን አሳየ።

የወል ዓይነት የሚሰጠው አንድ ሐረግ ስም በሚወጣለት ጊዜ ነው። በንጹሑ ቋንቋ ውስጥ ለዚህ በቂ ምክንያት አለ፤ ስም የተሰጠው ሐረግ ስሙ በተጠራበት ቦታ ሁሉ ቢገለበጥ የፕሮግራሙ ውጤት አይለወጥም፤ እያንዳንዱ ግልባጭ የየራሱ ዓይነት ቢኖረው የሚጎዳው ነገር የለም። የዓይነት ሥርዓቱ ስሙን የሚያየው ብዙ ግልባጮች እንዳሉት አድርጎ ነው። ማሽኑ ግን አይገለብጥም፤ ሐረጉን አንድ ጊዜ ብቻ አስልቶ ውጤቱን በስሙ ሥር ያኖራል። ዋጋው የማይለወጥ እስከሆነ ድረስ ሁለቱ አስተያየቶች ይስማማሉ፤ ዋጋው ሊለወጥ የሚችል ሲሆን ግን ይለያያሉ፤ ስሕተቱም የተወለደው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

የሚለወጠው ዋጋ በኤምኤል ውስጥ የሚቀመጠው ሪፈረንስ በሚባል የማኅደረ ትውስታ ሕዋስ ነው፤ ሕዋሱ ሲፈጠር የመጀመሪያ ዋጋ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በኋላ በላዩ መጻፍም ከእርሱ ማንበብም ይቻላል። አሁን አንድ ሕዋስ ተፈጥሮ ባዶ ዝርዝር ተደረገበት እንበል። ባዶ ዝርዝር ምንም ስለሌለበት የማናቸውም ነገር ዝርዝር ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ በተለመደው ሕግ ሕዋሱ ራሱ የማናቸውም ነገር ዝርዝር የሚይዝ የወል ዓይነት ያገኛል። በሁለተኛው መስመር ፕሮግራሙ በሕዋሱ ላይ አንድ ቁጥር ያለበትን ዝርዝር ይጽፋል፤ የወል ዓይነት ነውና ለዚህ ጥሪ ተለዋዋጩ «ቁጥር» ተብሎ ይተካል፣ ኮምፓይለሩም ያሳልፈዋል። በሦስተኛው መስመር ከሕዋሱ ዝርዝሩን አንብቦ የመጀመሪያውን ነገር እንደ ጽሑፍ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ያያይዛል፤ ለዚህኛው ጥሪ ተለዋዋጩ «ጽሑፍ» ተብሎ ይተካል፣ ይህም ያልፋል። ማሽኑ ግን ያለው ሕዋስ አንድ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለውም ቁጥር ነው። ነገሩ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ጀሪካን ለሁለት ቤተሰብ በጋራ ተሰጥቶ፣ አንዱ ላምባ ሲሞላበት ሌላው የምግብ ዘይት ነው ብሎ ከድስቱ እንደሚጨምረው ያለ ነው። ኤምኤል ዓይነቶችን ከመረመረ በኋላ ምልክቶቹን ጥሎ ስለሚያስኬድ፣ በሥራ ጊዜ ስሕተቱን የሚይዝ ሁለተኛ ጠባቂ አልነበረም።

ብልሽቱ ኮምፓይለሩን የጻፈው ሰው ግድፈት አለመሆኑ ሊሠመርበት ይገባል። ኮምፓይለሩ የታዘዘውን ሕግ በትክክል ፈጽሟል፤ የጎደለው ሕጉ ነው። የኤድንበርግ ሰዎችም አደጋውን ከመጀመሪያው ያውቁት ስለነበር በመጀመሪያው ኤምኤል ውስጥ በሚለወጡ ስሞች ዓይነት ላይ ገደብ አድርገው ነበር። ይሁን እንጂ ገደቡ ከሚልነር የ1978 ማረጋገጫ ውጭ የቆመ፣ በልምድ የተበጀ ክልከላ ነበር። ሕዋሶችን ነጠላ ዓይነት ብቻ እንዲይዙ ማስገደድም ግልጽ የሆነ መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ሲደረግ ማንኛውንም ነገር የሚይዝ ወረፋ ወይም መዝገብ በሕዋስ አማካይነት አንድ ጊዜ ጽፎ ለሁሉም ዓይነት መጠቀም ስለማይቻል፣ የቋንቋው ዋነኛ ጥቅም ይቀራል።

ጥያቄውን በሙሉ ስፋቱ መጀመሪያ የተጋፈጠው ዳማስ ነው። በ1985 በኤድንበርግ ባቀረበው የዶክትሬት ድርሳን እያንዳንዱ ፋንክሽን ሲጠራ ምን ምን ዓይነት ሕዋሶችን ሊፈጥር እንደሚችል ከዓይነቱ ጎን ተመዝግቦ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረበ፤ በመዝገቡ ውስጥ የገባ ተለዋዋጭ ወደ ወል ማደግ አይችልም። ሐሳቡ ጥልቅ ነበር፤ ከጊዜው የቀደመም ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዓይነቶቹ ለማንበብ ከባዶች ሆኑ።

ቀጥሎ ዴንማርካዊው ማድስ ቶፍቴ በዚያው በኤድንበርግ በ1980ዎቹ መጨረሻ ባዘጋጀው ድርሳን የቀለለ መንገድ አመጣ። ቶፍቴ የዓይነት ተለዋዋጮችን በሁለት ከፈላቸው፤ አንደኛው ወገን ተራ ተለዋዋጮች ናቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ በሕዋስ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉና በጽሑፍ ልዩ ምልክት የሚደረግባቸው ናቸው። ሐረጎችንም እንዲሁ አዲስ ሕዋስ ሊፈጥሩ በሚችሉና በማይችሉ ለይቶ፣ ምልክት ያለበት ተለዋዋጭ ሕዋስ ሊፈጥር ከሚችል ሐረግ ውስጥ ሲገኝ ወደ ወል እንዳያድግ ከለከለ። የቶፍቴ አስተዋጽኦ ከሕጉ ይልቅ በማረጋገጫው ላይ ይበልጥ ይታያል። አንድ ሕዋስ ራሱን መልሶ የሚጠራ ፋንክሽን ሊይዝ ስለሚችል፣ ከትንሹ ተነሥቶ ወደ ትልቁ እየገነባ የሚሄደው የተለመደው የማረጋገጫ ዘዴ በክብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ቶፍቴ ይህን ለመሻገር ዘዴውን ገልብጦ፣ እስካልተቃረነ ድረስ ያለውን ግንኙነት ሁሉ የሚቀበል ሌላ የማረጋገጫ ስልት ተጠቀመ። ሚልነር፣ ቶፍቴና ሮበርት ሃርፐር በ1990 ያሳተሙት የስታንዳርድ ኤምኤል ይፋ ድንጋጌ የቶፍቴን ሕግ ወሰደ።

ሕጉ አስተማማኝ ቢሆንም ለሙያው ሰዎች ቅሬታ የሚሆን ነገር ይዞ መጣ። ዝርዝርን የሚደረድር አንድ ፋንክሽን በንጹሕ ስልት ሲጻፍ ተራ የወል ዓይነት ያገኛል፤ ያው ሥራ በውስጡ ለፍጥነት ሲባል ጊዜያዊ ሕዋስ ተጠቅሞ ሲጻፍ ግን፣ ከውጭ ሲታይ ምንም ልዩነት ሳይኖረው፣ ዓይነቱ ምልክት ያለበት ይሆናል። ኤምኤል ትልልቅ ፕሮግራሞችን ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች የሚከፍል ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ሞጁል ገጽታ የውስጡን አሠራር መሸፈን ይኖርበታል፤ የቶፍቴ ምልክት ግን ውስጡን ወደ ውጭ አወጣው። አንድ ሰው የውስጥ አሠራሩን ሲያሻሽል ገጽታው ስለሚለወጥ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ሌሎች ክፍሎችም አብረው ይበላሻሉ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ዓመታት የብልሃት ዓመታት ናቸው። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ኤምኤል ኮምፓይለር ከሠሩት አንዱ የሆነው ዴቪድ መክዊን በተለዋዋጮች ላይ የቁጥር ደረጃ አስገባ፤ ቁጥሩ ፋንክሽኑ ሕዋሱን ከመፍጠሩ በፊት ስንት ግብአት መቀበል እንዳለበት ያመለክታል። በፈረንሳይ ግዛቪዬ ለሯና ፒየር ዌስ በ1991 ባሳተሙት ሥራ አደገኛ የሆነውን ተለዋዋጭ በትክክል ለመለየት ፋንክሽኖች በውስጣቸው ሸሽገው የሚይዟቸው ዋጋዎች ዓይነት እንዲቆጠር አደረጉ፤ ሌሎች ፈረንሳውያን ተመራማሪዎችም ከዓይነት ጋር የድርጊት መግለጫን፣ ማለትም ፋንክሽኑ የትኛውን ሕዋስ እንደሚያነብ፣ እንደሚጽፍና እንደሚፈጥር የሚያሳይ ማስታወሻን፣ የሚያወጣ ሥርዓት ሠሩ። እያንዳንዱ ሥርዓት ከቀዳሚው የበለጠ ፕሮግራም ያሳልፋል፤ እያንዳንዱም ከቀዳሚው የበለጠ ለማስረዳት የሚያስቸግር ነበር። የመክዊን ደረጃ ለዓመታት በሥራ ላይ ሲውል ብዙ ተጠቃሚ ኮምፓይለሩ ለምን እንደከለከለው ለመረዳት ይቸገር ነበር፤ በዚህ ጸሐፊ አመለካከት የዚህ ዘመን ድክመት የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የሕጉ ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ በበቂ አለመመዘኑ ነው።

ችግሩ በሕዋስ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን ያሳየው ደግሞ በ1991 የተገኘው ሁለተኛ ቀዳዳ ነው። በዚያን ጊዜ የኒው ጀርሲው ኤምኤል ፕሮግራሙ ከደረሰበት ነጥብ በኋላ የሚቀረውን ሥራ በሙሉ እንደ ዋጋ ይዞ ኋላ ወደዚያው ነጥብ መመለስ የሚያስችል፣ ኮንቲኑዌሽን የሚባል መሣሪያ ጨምሮ ነበር። በውስጡ በላዩ የሚጻፍበት ሕዋስ ስላልታየ የወል ዓይነት ቢሰጠው ጉዳት የሌለው ይመስል ነበር። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሃርፐርና ማርክ ሊሊብሪጅ ግን የአንድን ስም ዓይነት በአንድ መልክ ከተጠቀሙበት በኋላ ወደ ስሙ መሰየሚያ ነጥብ ተመልሶ ዋጋውን በሌላ ዓይነት ዋጋ የሚተካ አጭር ፕሮግራም ጽፈው፣ ኮምፓይለሩ እንደሚያሳልፈውና በሥራ ላይ እንደሚፈርስ አሳዩ። ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ዋጋ ይዞ መምጣት በሕዋስ ላይ ከመጻፍ የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው፤ ስም የተሰጠው ሐረግ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰላል የሚለው ግምት በዚህም በኩል ይጣሳልና። ሕዋስን ብቻ እየተከታተሉ የተበጁት ረቂቅ ሕጎች ሁሉ ለዚህ አዲስ መሣሪያ እንደገና መበጀት ነበረባቸው፤ በሽታው ያለበትን ቦታ በትክክል የነካ መድኃኒት ገና አለመገኘቱም ግልጽ ሆነ።

ለሯ በ1993 ባሳተመው ሌላ ሥራ ሥሩን የሚነካ አንድ መንገድ ጠቆመ። የዓይነት ሥርዓቱ ስሙን ብዙ ግልባጮች እንዳሉት የሚያይ ከሆነ ማሽኑም እንዲሁ ያድርግ፤ የወል ዓይነት ያለው ሐረግ ስሙ በተጠራ ቁጥር እንደገና ይሰላ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰላ የሚፈለገው ግን የወል ዓይነት አይሰጠው። በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ጥሪ የራሱን አዲስ ሕዋስ ስለሚያገኝ ግጭቱ ከሥሩ ይጠፋል። ሐሳቡ ከንድፈ ሐሳብ አንጻር እጅግ ጥርት ያለ ነው፤ ይሁንና የፕሮግራሞችን ትርጉም ስለሚለውጥ ቋንቋዎቹ አልወሰዱትም።

በአሜሪካ በራይስ ዩኒቨርሲቲ አንድሪው ራይት ከማቲያስ ፌላይዘን ጋር በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ የዓይነት ሥርዓትን አስተማማኝነት ለማረጋገጥ ቀለል ያለ ዘዴ አቀረበ፤ ዘዴውም ፕሮግራሙ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ዓይነቱ እንደማይለወጥና ዓይነት ያለው ፕሮግራም መንገድ ላይ እንደማይቆም ማሳየት ነው። ይህ ዘዴ ሕዋስን፣ ኮንቲኑዌሽንንና በስሕተት ጊዜ ሥራን የሚያቋርጠውን ኤክሴፕሽንን በአንድ መልክ ለማስተናገድ በማስቻሉ ዛሬም በዘርፉ ዋነኛው ነው። ራይት በ1995 ደግሞ ለቀዳዳው መድፈኛ የሚሆነውን ሕግ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር በሚችል መልክ አቀረበው፤ ስም የሚወጣለት ሐረግ ወደ ወል የሚያድገው ሐረጉ በአጻጻፉ ራሱን የቻለ ዋጋ ሲሆን ብቻ ነው። ዋጋ የሚባሉት ምንም ስሌት የማይቀራቸው ናቸው፤ ለምሳሌ ቁጥር፣ ስም፣ ባዶ ዝርዝር፣ እንዲሁም ገና ያልተጠራ የፋንክሽን ፍቺ። ሕዋስ መፍጠር ግን ስሌት ነው፤ ማናቸውም የፋንክሽን ጥሪ ስሌት ነው፤ እነዚህ ሁሉ ወደ ወል አያድጉም። ልዩ ተለዋዋጭ የለም፤ የቁጥር ደረጃ የለም፤ ኮምፓይለሩም ሰውም በዓይን አይቶ ይወስናል። ዋጋ ስሌት ስለሌለው መገልበጡና አለመገልበጡ ልዩነት አያመጣም፤ ሕጉ የሚልነርን ማረጋገጫ መጀመሪያ ትክክል ወዳደረገው ሁኔታ ይመልሳል። ለሕዋስ ብቻ ሳይሆን ለኮንቲኑዌሽንም ያለ ምንም ጭማሪ የሚሠራውም ስለዚህ ነው።

ሕጉ ያለ ዋጋ የተገኘ አልነበረም። ፍጹም ንጹሕ የሆነ፣ አንዳችም ሕዋስ የማይነካ ሐረግ እንኳ ጥሪ ከሆነ የወል ዓይነት ያጣል። ለምሳሌ ሁለት ግብአት የሚቀበል ፋንክሽን አንዱ ብቻ ተሰጥቶት የተገኘው አዲስ ፋንክሽን ስም ሲወጣለት፣ ቀድሞ ለሁሉም ዓይነት ያገለግል የነበረው ከዚህ በኋላ በመጀመሪያ ለተጠራበት ዓይነት ብቻ ይሆናል፤ ጻፊው የቀረውን ግብአት በግልጽ ጠቅሶ እንደ ፋንክሽን ፍቺ እንደገና ሊጽፈው ይገደዳል። የራይት ሥራ ክብደት የሚታየው ይህን ጉዳት በመላ ምት ባለመተዉ ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩ ልዩ ልዩ የኤምኤል ፕሮግራሞችን በአዲሱ ሕግ አሳልፎ ሲመረምር፣ ክልከላው በእውነተኛ ፕሮግራሞች ላይ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ብቻ መሆኑንና ካጋጠመም አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ እንደሚታረም አገኘ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ተመራማሪዎች የሚወዳደሩት ማን ብዙ ፕሮግራም ያሳልፋል በሚል ነበር፤ ሰዎች በእርግጥ የሚጽፉት ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን ክርክሩን ዘጋው።

በ1997 የታተመውና መክዊን አራተኛ ደራሲ ሆኖ የተጨመረበት የተሻሻለው የስታንዳርድ ኤምኤል ድንጋጌ የቶፍቴን ልዩ ተለዋዋጮች አስወግዶ የራይትን ሕግ ተቀበለ። ቶፍቴ ራሱ ከድንጋጌው ደራሲዎች አንዱ ሆኖ ሳለ የድርሳኑ ፍሬ የነበረው ሕግ በቀለለ ሕግ መተካቱን አብሮ መፈረሙ ለሙያው የሚያኮራ ነገር ነው። በፈረንሳይ የዳበረው ኦካምልም ይህንኑ ሕግ ያዘ፤ ማይክሮሶፍት ያወጣው ኤፍ ሻርፕም ከኦካምል ወርሶታል።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ታላቅ ማሻሻያ ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው ዣክ ጋሪግ በ2004 ያሳተመው ነው። ጋሪግ ያስተዋለው፣ ተለዋዋጩ በዓይነቱ ውስጥ የሚገኘው በሚነበብበት ወገን ብቻ ከሆነና በሚጻፍበት ወገን ከሌለ ወደ ወል ማደጉ ጉዳት እንደሌለው ነው። አንድ ጥሪ ባዶ ዝርዝር ቢመልስ፣ ዝርዝር በኤምኤል ውስጥ በላዩ የሚጻፍበት ስላልሆነ፣ የማናቸውም ነገር ዝርዝር ብሎ መቀበል ይቻላል፤ ሕዋስ ግን የሚነበብም የሚጻፍም ስለሆነ ክልከላው ይጸናበታል። ኦካምል ይህን ማሻሻያ ወስዶ ሕጉን አላላ፤ ስታንዳርድ ኤምኤል በ1997ቱ መልክ ቀረ።

የማንበብና የመጻፍ ልዩነት ከኤምኤል ቤተሰብ ውጭም ተመሳሳይ ቀዳዳ ከፍቷል። ጃቫ ገና በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲወጣ የጠባቡን ዓይነት ድርድር እንደ ሰፊው ዓይነት ድርድር ማሳለፍን ስለፈቀደ፣ በድርድር ላይ የሚደረገው ጽሕፈት በሥራ ጊዜ እንዲመረመርና የማይገባ ነገር ሲጻፍ ፕሮግራሙ በኤክሴፕሽን እንዲቆም አደረገ፤ ኤምኤል በኮምፓይለር የከለከለውን ጃቫ በሥራ ላይ በሚከፈል ዋጋ ገዛው ማለት ነው። ሃስኬል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ሕዋስ መፍጠርን ራሱን በዓይነት ከተራ ስሌት ስለለየው፣ ስም የሚወጣለት ሕዋሱን የመፍጠር ትእዛዝ እንጂ ሕዋሱ ራሱ አይደለም፤ በዚህም ከኤምኤል ችግር ነጻ ነው። ይሁን እንጂ ሃስኬል ለልዩ ጉዳይ ተብሎ ይህን ድንበር ሆን ብሎ የሚጥስ አንድ ፋንክሽን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለው፤ በእርሱ አማካይነት ባዶ ዝርዝር የያዘ የወል ሕዋስ ፈጥሮ በአንድ ዓይነት ጽፎ በሌላ ዓይነት ማንበብ ዛሬም ይቻላል፣ የፋንክሽኑ ይፋ መግለጫም ተጠቃሚውን ስለዚህ አደጋ በግልጽ ያስጠነቅቃል።